ሥዕሎቻችን ከመጫናቸው በፊት

የጉሊት ሴቶች ለንደን ገብተዋል። የገቡት በሠዓሊ ታደሰ መስፍን ሸራ ላይ ነው። አንጋፋው ሠዓሊ «የሕይወት ምሰሶዎች» በተሰኘው ተከታታይ ሥራቸው የሚስሉት መደብ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድረው ልጅ የሚያሳድጉ የከተማችንን ሴቶች ነው። ሴቶቹ መለል ያሉ ናቸው። ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ገበያው ከኋላቸው ይደበዝዝና ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። በየቀኑ ጎንበስ ብለን ዋጋ የምንከራከራቸው እናቶች፣ በታደሰ ሸራ ላይ ቀና ብለን የምናያቸው ሰዎች ይሆናሉ።

እነዚህን ሥዕሎች ወደ ዓለም ገበያ ይዞ የወጣው አዲስ ፋይን አርት የተባለው ጋለሪ ነው። ራኬብ ሲሌ እና መሳይ ኃይለልዑል በ2016 አዲስ አበባ ላይ መሠረቱት (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በ2021 ለንደን ላይም ጋለሪ ከፈቱ። በእነዚህ ዓመታት ሠዓሊዎቻችንን ይዘው ብዙ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢቶች ላይ ቀርበዋል። ከትርኢቶቹ ለእኛ ቀረብ የሚለው ዋን ፊፍቲ ፎር ይባላል። ሞሮኳዊቷ ቱሪያ ኤል ግላዊ በ2013 ለንደን ውስጥ፣ ሶመርሴት ሃውስ በሚባለው ታሪካዊ ሕንፃ የጀመረችው የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ትርኢት ነው። ከ2015 ጀምሮ ኒው ዮርክ፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ማራካሽ ላይ ይካሄዳል።

በዚህ ሁሉ ደስ ይለኛል። የአንድ አገር ሥዕል በዓለም ፊት ቆሞ መታየቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጉሊት የምትውለዋን ሴት የሚያሳየውን ሥዕል ቀድሞ ማየት ያለበት ጉሊቱ ያለበት ከተማ ሰው ነው። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለውጭ ትርኢት የተዘጋጀ ሥራ ከመጫኑ በፊት እዚሁ ይታይ። አዲስ አበባ ላይ፣ ብዙ ሰው በሚደርስበት ቦታ፣ በነጻ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የማይደረግበት ምክንያት ግን አለው፤ እሱን ለመረዳት የነዚህን ትርኢቶች አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ትልቅ ሕንፃ ወይም አዳራሽ በጊዜያዊ ግድግዳ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍል ቡዝ ይባላል። ጋለሪዎች ማመልከቻ ያስገባሉ። የሚመርጥ ኮሚቴ አለ። የተመረጠው ጋለሪ ቡዙን ይከራያል፤ ኪራዩም በውጭ ምንዛሪ ነው። በዚያ ላይ ማጓጓዣ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል አለ። ይህ ሁሉ ወጥቶ ትርኢቱ የሚቆየው አራት አምስት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ለተጋበዙ ሥዕል ሰብሳቢዎችና ለሙዚየም ሰዎች ብቻ ክፍት ነው። ዋናው ሽያጭም ብዙ ጊዜ ያኔ ያልቃል። አንዳንዱ ሥዕል እንዲያውም ገና ግድግዳ ላይ ሳይሰቀል፣ በኢሜይል በተላከ ፎቶ ብቻ ገዢ ያገኛል። ሲሸጥ ጋለሪውና ሠዓሊው በአብዛኛው ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። ካልተሸጠ ግን የቡዙ ኪራይ የሚመለስ ገንዘብ አይደለም።

እንግዲህ ጋለሪው ሥዕሉ ለገዢ አዲስ ሆኖ እንዲቀርብ ይፈልጋል። ሠዓሊውም ሥራውን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ለጭነት ቀናት ሲቀሩት ነው። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ይጠቀለላል፤ ከስቱዲዮ በቀጥታ ወደ ካርጎ። አዲስ አበባ የሥዕሉ መነሻ ብቻ ሆና ትቀራለች።

አሠራሩ ምን እንደሚሳልም ይነካል። ተጠቅልሎ የሚጫን ሸራ ከከባድ ቅርጻ ቅርጽ ይቀድማል። አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ሥራ ለቡዝ አይመችም። ጋለሪው ብዙ ሠዓሊዎች ይዞ ሄዶ ከእያንዳንዱ አንድ ሥራ ቢሰቅል አደጋውን ያከፋፍላል። ተመልካቹ ግን አንዱንም ሠዓሊ በደንብ ሳያውቅ ይወጣል። አንድ ወይም ሁለት ሠዓሊ ብቻ ይዞ የሚሄድ ጋለሪ ሳይ ትልቅ አክብሮት የሚያድርብኝ ለዚህ ነው። ከታደሰ ሴቶች አንዷን ብቻ ማየት ሌላ፣ አምስት ስድስት ሆነው ጎን ለጎን ሲቆሙ ማየት ሌላ ነው። አንዷ ብቻዋን ቆንጆ ሥዕል ናት። አብረው ሲቆሙ ግን ገበያው ራሱ ይመጣል። ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ ማን እንደደከማት፣ ማን ገና ገዢ እንደምትጠብቅ ይታያል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሠዓሊ አዲስ ገዛኸኝን እንውሰድ። መጽሔት እየቆረጠ፣ እየለጠፈ፣ በላዩ በአክሪሊክ ቀለም እየሠራ ከተማ ይገነባል። በሩ፣ መስኮቱ፣ ቆርቆሮው አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባል። ሰፈሩ ሙሉ ከመሬት ተነቅሎ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ይህን ሲሠራ የኮሪደር ልማቱ ገና አልመጣም ነበር። በ2024 የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ሌሎች ሰፈሮችም ተከተሉ። ዛሬ እነዚያን ሥራዎች የሚያይ የዚያ ሰፈር ልጅ ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት። ለንደን ያለው ሰብሳቢ የሚያየው ድንቅ የቀለም ቅንብር ነው፤ ተሳስቷል አልልም። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ያደገው ሰው ግን የእናቱን በር ሊያይ ይችላል። ይህ ሰው ሥዕሉን ሳያየው ከቀረ፣ ሥዕሉ ራሱ የጎደለው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

ፎቶ አንሺው ግርማ በርታም እንደዚያው ነው። በስልኩ ካሜራ የመንገድ ሰዎችን ያነሳል። ከግርግሩ ለይቶ አውጥቶ፣ በደማቅ አንድ ወጥ ቀለም ላይ ከነጥላቸው ያቆማቸዋል። በዚህ ሥራው በ2016 ጌቲ ኢሜጅስ ከተባለው የፎቶ ድርጅትና ከኢንስታግራም ድጋፍ አግኝቷል። ከፎቶዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ነገም እዚያው ጎዳና ላይ ይውላሉ። ፎቷቸው ያለበት አዳራሽ ግን ሌላ አህጉር ነው።

«ታዲያ ሠዓሊው ምን ይብላ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እዚህ አገር ሥዕል ገዝቶ ሠዓሊን የሚያኖር ገበያ በጣም ጠባብ ነው። ቀለሙም ሸራውም ከውጭ ነው የሚገባው። ውጭ መታየት በር ይከፍታል። ሠዓሊ መሪኮከብ ብርሃኑ በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ መድረክ፣ ዋናው ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዋን አቅርባለች። በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ የራሷ ፓቪሊዮን፣ ማለትም የአገር ማሳያ ቦታ፣ ኖሯት፣ ተስፋዬ ኡርጌሳ አገሩን ወክሎ ቆመ። ተስፋዬ፣ አለ ፈለገ ሰላም በሚባለው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የታደሰ መስፍን ተማሪ የነበረ ነው። ቬኒስ ሥዕል የሚሸጥበት ገበያ አይደለም፤ ግን እዚያ ለመድረስ በገበያው በኩል መታወቅ ያግዛል። ስለዚህ ማንም ወደ ውጭ መሄዱን ያቁም አልልም። የበለጠ ይሂዱ። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው።

ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ምን እንደሚሆን አይተነዋል። ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በ1960ዎቹ ሥራዎቹ በፓሪስና በኒው ዮርክ ትልልቅ ሙዚየሞች ተገዙለት። እኛ ኩራቱ ደረሰን፤ እነዚያን ሥዕሎች ለማየት ግን ቪዛ ያስፈልጋል። ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በስደት ኖሮ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የነበሩ ሥዕሎቹ አዲስ አበባ ገብተው በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል የተከፈተው በ2008 ነው። ሰውየው ካለፈ ከ27 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እነዚያ ሥዕሎች መምጣታቸው ትልቅ በረከት ነው። ግን አንድ ትውልድ ሙሉ ተማሪ እነሱን ሳያይ ሥዕል ተምሯል። አንድ ተማሪ ሸራው ፊት ቆሞ ብሩሹ የት እንደረገጠ፣ የት እንደተነሳ ሲያይ የሚማረውን ከፎቶ አያገኘውም።

ዋጋውም አይጠብቀንም። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕል በኅዳር 2023 ኒው ዮርክ ላይ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይህን የሚከፍል ሙዚየም እዚህ የለም፤ ሊኖርም አይጠበቅም። ነገር ግን ዛሬ ቡዝ ላይ የሚሰቀሉት ወጣቶች ዋጋቸው ገና እዚያ አልደረሰም። ሥራቸው አሁን ካልተገዛ፣ በኋላ የሚቀረን ማየት ብቻ ነው። ማየቱም ከተገኘ።

እና ምን ይደረግ?

ጋለሪዎቹ ብቻቸውን እንዲሸከሙት አልጠብቅም። አዲስ ፋይን አርት በአዲስ አበባ የማሳያ ቦታ ይዞ፣ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀ የቆየ ነው። ይህን ያልሠራ ጋለሪ ብዙ አለ። ግን የአንድ የግል ጋለሪ ክፍል ለከተማው ሁሉ አይበቃም። ጉሊት የምትውል ሴት በነጭ ግድግዳ የተከበበ ጸጥ ያለ ክፍል በር ላይ ስትደርስ «ይህ ለኔ አይደለም» ብላ ብትመለስ አይፈረድባትም። ቦታው ሰው ወዳለበት መምጣት አለበት። የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ግቢ አለ። የገብረ ክርስቶስ ማዕከል አለ። ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። በነዚህ ቦታዎች ለሁለት ሳምንት ግድግዳ ማግኘት ከተማ አስተዳደሩ ካሰበበት የሚከብድ አይደለም። ሥዕል ከአገር ሲወጣ ጥንታዊ ቅርስ አለመሆኑን የሚያጣራው የቅርስ ባለሥልጣን ነው። እዚህ የታየ ሥራ የመውጫ ወረቀቱ ቶሎ እንዲያልቅ ቢደረግ ጋለሪውም ይጠቀማል። ለማሳየት ያጠፋውን ቀን በወረቀቱ በኩል ያካክሳል።

ባንኮችም አሉ። ሰንጋ ተራ አካባቢ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተነሱትን ሕንፃዎች ተመልከቱ። የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻውን ከ40 ፎቅ በላይ ነው። ሰው የሚጠብቅበት ሰፊ መግቢያ፣ ባዶ ግድግዳ ሞልቷል። እያንዳንዱ ባንክ ከየትርኢቱ በፊት አንድ፣ አንድ ሥዕል ብቻ ገዝቶ መግቢያው ላይ ቢሰቅል፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከተማዋ የራሷ ስብስብ ይኖራታል። ብር ለማውጣት ተሰልፎ የሚቆም ሰው ቁመቷ መለል ያለ የጉሊት ሴት ታየዋለች። ጋለሪውም ቢሆን ከመሄዱ በፊት የቡዙን ኪራይ የተወሰነ ክፍል ይሸፍናል።

ሌላው ጽሑፉ ነው። ስለ ሥራዎቹ የሚታተሙት ካታሎጎችና ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ማብራሪያዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። ለውጭ ትርኢት ይገባኛል። እዚህ ሲታዩ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሠዓሊው ማነው፣ በምን ሠራው፣ ለምን ሠራው። ከሁሉም በላይ ሠዓሊው ራሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ሰውን ያነጋግር። ገዢ ያልሆነ ሰው የሚሰጠው አስተያየት ለሠዓሊ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያውቁት ሠዓሊዎቹ ናቸው። ገዢ የሚጠይቀው መጠኑንና ዋጋውን ነው። ጉሊት የምትውል ሴት ግን «እንዲህ አይደለም የምንቆመው» ልትል ትችላለች። ወይም «እንዴት አወቅህ?» ልትል ትችላለች። ሁለቱም በትርኢቱ አዳራሽ የማይገኙ ናቸው።

የለንደኑ ዋን ፊፍቲ ፎር የሚካሄደው ጥቅምት አካባቢ ነው። ሥዕሎቹ ጭነት ላይ የሚውሉት ከዚያ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ እዚህ ለማሳየት የሚመቸው ጊዜ ሐምሌ ነው። ዝናብ አለ፣ አውቃለሁ። ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆች የሚሄዱበት ጠፍቶ ቤት ይውላሉ። ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን ሰኔ መጨረሻ ላይ እንዲያደርሱ ከአሁኑ ይነገራቸው። አዳራሹም ከአሁኑ ይያዝ። ጉሊት ያሉትን እናቶች ጠርቶ የሚያመጣ ሰውም ይመደብ፤ እሁድ ከሰዓት ቢሆን ይመቻቸዋል።