ስለ ስቲል ፓን አሰራር የተባለው ይስተካከል

ሰሞኑን ስለ ትሪኒዳድ ስቲል ፓን፣ ማለትም ከብረት በርሜል ስለሚሰራው የሙዚቃ መሳሪያ፣ አንድ ጽሁፍ ሲዞር ነበር፣ በርሜሉ በመዶሻ ጎድጎድ ጎድጎድ ይደረጋል፣ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፣ እሳቱ ደግሞ ቀለም ለማስለቀቅ ብቻ ነው ይላል። ትክክል አይደለም፣ የባለሙያዎቹ ልፋት እንዲህ ተቃሎ ሲወራም ያናድዳል።

መጀመሪያ የበርሜሉ ቂጥ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ እየተቀጠቀጠ እንደ ትልቅ ሳህን ይጎደጉዳል፣ ከዛ የኖታዎቹ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ የሚሰጡት ክፍሎች፣ ቦታ ይለካና ዙሪያቸውን በደነዝ ብረት እየመቱ መስመር ያወጡላቸዋል፣ መስመሩ አንዱ ኖታ ሲመታ ጎረቤቱ አብሮ እንዳይጮህ ይረዳል። ኖታው ራሱ ግን አይጎደጉድም፣ እንደውም ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል። ድምፁን የሚወስኑት የቦታው ስፋት፣ የብረቱ ውፍረትና ቅርፁ ናቸው፣ ሰፊው ወፍራም ትንሹ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። እሳቱም በመቀጥቀጥ የተወጠረውን ብረት አርግቶ ያጠነክረዋል፣ ያለሱ ቅኝቱ አይቆይም።

ጽሁፉ ጭራሽ ያላነሳው ደግሞ ዋናውን ጥበብ ነው፣ እነ በርቲ ማርሻል የተባሉት የትሪኒዳድ ፓን ሰሪዎች መሰረታዊውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚወጣውን የኦክታቩንም ድምፅ (ያው ኖታ አንድ እርከን ከፍ ብሎ) ይቃኙ ነበር፣ ያ ጥርት ብሎ የሚያበራው ድምፅ ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ሌላው ፓን ሰሪ አንቶኒ ዊሊያምስ ደግሞ የሚስማሙ ኖታዎች ጎን ለጎን እንዲሆኑ አድርጎ ደረደራቸው። ሌላው፣ በርሜሉ ለሁሉም እኩል አይቆረጥም፣ ቀጭን ድምፅ የሚሰጠው የቴነር ፓን ጎን አጭር ነው፣ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ቤዝ ግን ሙሉ በርሜል ሊያክል ምንም አይቀረው።