ቱቦ ተገጠመ ማለት ግላኮማ ዳነ ማለት አይደለም

ግላኮማ የማየት ነርቭን የሚጎዳ የዓይን በሽታ ነው፤ ግፊቱን ለመቀነስ አንዳንዶች ዓይናቸው ላይ በቀዶ ሕክምና ትንሽ ቱቦ ይገጠምላቸዋል። «ቱቦ የተገጠመለት ዓይን ለዘለቄታው ድኗል፣ ጠብታም ቀጠሮም አያስፈልገውም» የሚለውን ደጋግሜ አየሁት። ይቅርታና፣ ልክ አይደለም። ቱቦው ዓይን ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እያስወጣ የዓይን ግፊትን ይቀንሳል እንጂ የሞተ ነርቭ አይመልስም፣ ደግሞም ዙሪያው ጠባሳ ሲይዝ ፍሰቱ ይደክማል። ቀደም ሲል ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እዚያ በ5 ዓመት ውስጥ ከ10ሩ ቱቦ 3ቱ ገደማ አልተሳካም፤ የተሳካላቸውም ብዙዎቹ ጠብታ አልተዉም። ከመንዝ ደብረ ብርሃን መመላለስ እንደሚያሰለች አውቃለሁ፣ መንገዱንም ብርዱንም። ግን ግፊቱ ሳያምም ነው የሚጨምረው፣ ጠብታ ያቆመ ሰው ማየት ሲቀንስበት ነው የሚነቃው። በቀጠሯችሁ ቀን ሐኪሙን «የዓይን ግፊቴ ዛሬ ስንት ነው? ለእኔ ስንት መሆን አለበት?» በሉት። ቁጥሩን ካርዳችሁ ላይ ጻፉና ካለፈው ጋር አስተያዩት።