«ይሰቀል!» ለምትሉ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ አሰቃቂ ወንጀል በተሰማ ቁጥር ስልካችንን አንስተን የምንጽፈው አንድ ቃል ነው፤ «ይሰቀል!» ገና ፖሊስ የተጠርጣሪውን ቃል ሳይቀበል፣ ገና ዓቃቤ ሕግ ክስ ሳይመሠርት። ባለፈው ሰሞን ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት «ለእንዲህ ያለው ደግሞ ፍርድ ቤት ምን ያደርግለታል?» ሲሉ ተሳፋሪው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቁጣው ይገባኛል። ልጇ የተገደለባት እናት ፊት ስለ ገዳይ መብት ማውራት ከባድ ነው። ግን ስሙኝ።

ግንቦት 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በነፍስ ግድያ የሚወሰነውን የሞት ቅጣት ሻረ። ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ነበር፤ በአራት ሰዎች ግድያ ጥፋተኛ የተባሉ። ዳኞቹ አብዛኛው ሕዝብ ቅጣቱን ሊደግፍ እንደሚችል አልካዱም። ቢሆንም አሥራ አንዱም በአንድ ድምፅ ቅጣቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አርተር ቻስካልሰን እንዳስረዱት፣ ዳኛ የብዙኃኑን ስሜት እያየ የሚፈርድ ከሆነ ሕገ መንግሥት የሚተረጉም ፍርድ ቤት አያስፈልግም።

ከአሥራ አንዱ አንዱ አልቢ ሳክስ ነበሩ። በሞዛምቢክ ዋና ከተማ በማፑቶ የአፓርታይድ መንግሥት ሰዎች መኪናቸው ላይ ያጠመዱት ቦምብ ቀኝ እጃቸውንና የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ወስዶባቸዋል። በቀልን ለመመኘት ከእሳቸው የበለጠ ምክንያት ያለው ማን ነው?

የእኛም ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ነው፤ ነሐሴ 15። ግን አንቀጽ 15 በሕይወት የመኖር መብትን ከሰጠ በኋላ ለከባድ ወንጀል ቅጣት በር ክፍት ትቷል። ስለዚህ የእኛ ዳኛ እንደነዚያ ዳኞች የሞት ቅጣትን ልሻር ቢል እጁ የታሰረ ነው። ያንን በር መዝጋት የእኛ ፋንታ ነበር። እኛ ግን ወለል አድርገን እየከፈትነው ነው። ዕድሜ ልክ የፈረደን ዳኛ ያለ አንዳች ማስረጃ «ጉቦ በልቷል» እንላለን። ነውር ነው!

«ያለ ምንም ደም» ተብሎ በተዘመረ ማግስት፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ የተረሸነበት አገር ልጆች ነን። ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ሲለወጥስ አገር ፈረሰች?

ዛሬ ስለ አንድ ተጠርጣሪ «ይሰቀል» ብላችሁ የለጠፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አጥፉት። ዳኛው ገና መዝገቡን አልከፈተም።