ራሴ እሠራታለሁ ያልኩ ሰሞን

ድምፁ «ቋ!» ነበር። ከረቡዕ ገበያ ድንች ጭነን ወደ ደብረ ማርቆስ እየወረድን ነው። መኪናዋ ወደ ግራ ዘመም አለች። ከኋላ ድንቹ ላይ የተቀመጡ አዛውንት «ማርያም!» አሉ። አንዱ «ጎማ ነው» አለ። ሌላው «ጎማ ሲፈነዳ እንዲህ አይልም» ብሎ ክርክር ገጠመ። ወርጄ ሳይ ጎማው ደህና ነው። የተሰበረው የግራ የኋላ ባሌስትራ ነው፤ ከተደራረቡት ብረቶች ረጅሙ ለሁለት ተከፍሏል።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ላንድክሩዘር ናት። በፈረንጅ 1986 ጃፓን የተሠራች፣ ረጅሟ፣ ከኋላ ሰው ፊት ለፊት የምታስቀምጠው። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ 4 ሊትር ሊሞላ 20 ሲሲ ይጎድለዋል። ቱርቦ የላትም። ኮምፒውተር የላትም። ቁጣ ግን አላት። የዘመኑ መኪኖች ሲያማቸው መብራት ያበራሉ። የእኔዋ ሲያማት ዕቃ ትጥላለች። የወደቀውን አንስቶ ማየት ነው፤ ምርመራው ይኸው ነው።

በሊብሬው ላይ የእኔ ናት። በተግባር የሰፈሩ ናት። ሙሽራ አምጥታለች። ምጥ የያዛት ሴት አድርሳለች። የእድር ድንኳን ተሸክማ ቆላ ወርዳለች። ስለዚህ ባሌስትራዋ ሲሰበር የሰው እግር የተሰበረ ያህል ሰው ጠየቀኝ። «እንዴት አደረች?» ይሉኛል።

ጋራዥ ወሰድኳት። ባሌስትራው ይቀየር፣ የበሰበሰው ወለልም ይበየድ፣ 12 ሺህ ብር አሉኝ። ወለሉ መበስበሱ እውነት ነው። ጎጃም ውስጥ ባሕር የለም፣ ጨው የለም፤ ጭቃ ግን አለ። በሐምሌ ከሥር የገባ ጭቃ እስከ ጥር ድረስ ቤት እንደተከራየ ሰው ይቀመጣል። ብረቱን በዝምታ ይበላዋል።

12 ሺህ ከበደኝ። ስለዚህ በ17 ሺህ ብር የብየዳ ማሽን ገዛሁ። ሂሳብ ድሮም ይከብደኝ ነበር።

ድፍረቱን የሰጠኝ ዩቲዩብ ነው። አንድ አውስትራሊያዊ የእኔን መኪና እህት ይሠራል። ወለሉን ቆርጦ ያወጣል፣ አዲስ ላሜራ ይለካል፣ ይበይዳል፣ ቀለም ይቀባል። ሥራው አልነበረም የገረመኝ። ሰውየው ብቻውን ነው! ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማንም አልመጣበትም። «በርታ» የሚለው የለም። «እሱን አይደለም፣ ያንን ነው» የሚለው የለም። ቡና የሚያመጣለት የለም። መጀመሪያ አዘንኩለት። ኋላ ቀናሁበት።

ችግሩ የጀመረው ከቀኑ ነው። በ12 ልብሴን ቀይሬ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«በሚካኤል እሳት ልታነድ ነው?»

ተውኩት። በ13 መብራት ጠፋ። በ14ም በ15ም አልመጣም። በ16 ጠዋት መጣ፤ ግን ኪዳነ ምሕረት ናት። 19 ገብርኤል። 21 ማርያም። 23 ጊዮርጊስ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት። መብራቱ ሲኖር ቅዱሳኑ አሉ፤ ቅዱሳኑ ዞር ሲሉ መብራቱ የለም። ከመኪናዋ መጽሐፍ ይልቅ ባሕረ ሐሳብ ሳጠና ሰነበትኩ። በ25 ሁለቱ ገጠሙ። እናቴ ትንሽ አሰበች።

«መርቆሬዎስ ነው። ግን እሱ ፈረሰኛ ነው፣ የመንገድ ነገር ይገባዋል። ሥራ።»

ክሪኩን አስገብቼ ገና አንድ ጊዜ ሳልረግጥ ሦስት ሰው ቆሟል። መኪናዋ ከመሬት ስትነሳ ሰባት ሆኑ። እናቴ አግዳሚ ወንበር አወጣች። ጎረቤት ጀበና አመጣች። ከውጭ የሚያልፍ ሰው ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። መኪና መሆኑን ሲያውቅም አልወጣም።

ዋናው ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። የአባይን በረሃ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ስንት ሺህ ጊዜ እንደወጡና እንደወረዱ እሳቸውም አይቆጥሩትም። ያን ቁልቁለት ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለወረዱ፣ ለጋሼ በዓለም ላይ አንድ በሽታ ብቻ አለ።

«ከፍሬን ነው» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ጋሼ፣ ባሌስትራ እኮ ነው የተሰበረው።»

«ለምን የተሰበረ ይመስልሃል? ከፍሬን ነው።»

ከጎናቸው የፊዚክስ መምህሩ ቆሟል። እሱ ደግሞ የክብደት ማዕከል ይላል፣ በእንጨት መሬት ላይ ቀስት ይሥላል። አንድ የቅኔ መምህር ሲያልፉ ቆም አሉ። ጎጃም ነውና ያለ ቅኔ አይታለፍም። መኪናዋን ከጎማ እስከ ጣሪያ አይተው «ሰሙ ላንድክሩዘር፣ ወርቁ ዕዳ» ብለው ሄዱ። ከዚያን ቀን ምክር ሁሉ ትክክል የነበረው ይህ ብቻ ነው።

ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው ያዝዙኛል። «ካቻቢቴ ያዝ! ፍሪሲዮኑን እንዳትነካ! ይህ ላሜራ ነው፣ ያ ፓራፋንጎ ነው፣ ኋላ ስቱኮ ትለስነዋለህ።» እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ቃሉ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችን ላይ ነበር። እነ በላይ ዘለቀ በጎጃም ጫካና ገደል መውጫ መግቢያ አሳጥተውታል። ከሸለቆው አስወጥተውታል፣ ከአምባው አስወጥተውታል። ከመኪናችን ሥር ግን እስካሁን አልወጣም። ከሥሯ ተጋድመህ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ ስትል አንድ አርበኛ ቢሰማህ ባንዳ ነው ብሎ እግርህን ይዞ የሚጎትትህ ይመስለኛል።

ወደ ብየዳው። ባሌስትራው ይቆይ፣ እጄን በወለሉ ላፍታታ አልኩ። ሁለት ነገር በትክክል ሠርቻለሁ፣ ይመዝገብልኝ። ባትሪውን ነቅያለሁ፤ ያለዚያ የብየዳው ኮረንቲ ዲናሞውን ይበላዋል። የነዳጅ ታንኩንም አውርጄ ከጓሮ አኑሬያለሁ። ጋሼ «በእኛ ጊዜ ነዳጁ እንዳለ ነበር የሚበየደው» አሉ። በእሳቸው ጊዜ ከተበየዱት መኪኖች ስንቱ ተረፈ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ታላቅ ናቸው።

በያጅ ሲበይድ ድምፁ ሽንኩርት ሲቁላላ እንደሚሰማው ነው፤ አንድ ወጥ «ሽሽሽ»። የእኔ ፈንዲሻ ነው። «ጣ! ጣ!» ይልና ኤሌክትሮዱ ተጣብቆ ይቀራል። በነቀልኩት ቁጥር ተመልካቹ «አይዞህ» ይላል። ኤሌክትሮዴ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ወለሉ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ያውም ጭቃ የበላው። እሳቱ ብረቱን ሳይሆን አየሩን ነው የሚበይደው። የብር ሳንቲም የምታክል ቀዳዳ ነበረች። የሲኒ አፍ አከለች። የሻይ ሰሃን ሆነች። ለምሳ ስንነሳ ከሹፌሩ ወንበር ሥር የመሶብ ክዳን የሚያህል መስኮት ተከፍቷል። መሬቱ ይታያል። አንዲት ዶሮ ገብታ ወጣች።

በዚህ መሐል ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ።

«አንተ ልጅ! እንጀራዬን ዓይን አሳጣኸው!»

ጎረቤታችን እየጋገረች ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል። እኔ ኤሌክትሮዱን ባስነካሁ ቁጥር የሰፈሩ አምፖል ይጠቅሳል፣ ምጣዷ ይቀዘቅዛል፣ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። አንዱን እንጀራ በአጥሩ ላይ አንጠልጥላ አሳየችኝ። እውነት ነው፣ ግንባር ነው የሚመስለው። ስምምነት ተደረገ። እሷ አንድ ስትጋግር እኔ አንድ ነጥብ እበይዳለሁ። «አወጣሁ!» ስትል እጀምራለሁ። «አሰፋሁ!» ስትል አቆማለሁ። አውስትራሊያዊው እንዲህ ያለ መመሪያ አልሰጠኝም።

ቀዳዳውን ለመድፈን ላሜራ አጣሁ። ከእናቴ ማድ ቤት ጣሪያ የተረፈ ቆርቆሮ ነበር። እሱን ቆርጬ ጣፍኩ። ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ነው። ሲቃጠል ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ጭሱም ሳንባ ውስጥ ይገባል። እኔ «ዕጣን ዕጣን አይሸትም» ብቻ ነው ያልኩት። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። «ወባ ነው» አሉ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ የምትደርስ ትንኝ ጋቢ ያስፈልጋታል። ትኩሳቱ በማግሥቱ ለቀቀኝ።

ዓይኔ ግን በዚያው ሌሊት ጉድ አፈላ። ማስክ ነበረኝ። ግን ጋሼ «እስቲ በሱ ልየው» አሉ፣ ከሳቸው መምህሩ ተቀበለ፣ ከመምህሩ ልጆች ነጠቁ። እኔ «አንዲት ነጥብ ናት» እያልኩ ዓይኔን እየጨፈንኩ ስበይድ ዋልኩ። ዓይን የሚጨፈነው ብልጭታው ከገባ በኋላ መሆኑን ያወቅኩት ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። አሸዋ የሞሉብኝ መሰለኝ። እናቴ ከረቡዕ ገበያ ካመጣሁት ድንች ሁለት ልጣ፣ ቆራርጣ ዓይኔ ላይ ደረደረች። ለገበያ የጫንኩት ድንች ዓይኔ ላይ ዋለ። ጠዋት ጤና ጣቢያ የነበረችው ባለሙያ አየችኝ። የብየዳ ብርሃን የዓይንን የላይኛውን ሽፋን እንደ ፀሐይ እንደሚያቃጥለው ነገረችኝ። ጠብታ ሰጠችኝ። «ድንቹን ለወጥ አድርገው» አለችኝ። ጎረቤታችን ስትሰማ ግን ፍርዷን ሰጥታ ነበር፦ «የእንጀራዬ ግፍ ነው።»

ዓይኔ ሲሻለው ባሌስትራውን ያዝኩ። አሁን እጄ ተፍታቷል። ሁለቱን ስባሪ ገጠምኩ፣ ግራ ቀኝ በየድኩ፣ ከላይ ደረብኩበት። ጉልበት የሚያህል እብጠት ሠራሁ። ገጠምነው፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ተጨበጨበ። ጋሼ እንኳ ለአንድ ደቂቃ ስለ ፍሬን አላነሱም። አሥራ አንድ ሰው ተሳፍሮ ለሙከራ ወጣን። ከከተማው ሳንርቅ «ቋ!» አለ። ወርጄ አየሁ። የበየድኩበት እንዳለ ነው። የተሰበረው ከጎኑ፣ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ ነው።

መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ከገበያ ሲመለሱ ቆሙ። ብረት ሠሪ ናቸው። ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ ቀስ ብለው ዞር አሉ፤ አንዱ የያዘውን ቆሎ ኪሱ ከተተ። አወቅኩት፤ አያቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ማረሻዋ፣ ማጭዷ፣ ቢላዋዋ ሁሉ የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ግን እነሱ በደጅ ሲያልፉ እንጀራ ትከድናለች፣ «ዓይኑን እንዳታይ» ትለኛለች። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ ከልክለው አዋጅ አውጥተዋል። የመጀመሪያው መኪናም አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ነው። መኪናው ጎጃም ደርሷል። አዋጁ ገና ጎሃ ጽዮን ላይ ጎማ እየቀየረ ነው።

ሽማግሌው ስባሪውን አንስተው በድንጋይ መቱት፣ ድምፁን ሰሙ።

«ይህን በእሳት ነካኸው?»

«በየድኩት፣ አባ።»

«እህ። ይህ ብረት ግሎ፣ ተነክሮ የጠና ነው። አንተ መሐሉን ብቻ አቃጠልከው። ከጎኑ ያለው እንደ ሸክላ ሆነ። ሙሉውን አግለው ካልነከሩት አይመለስም፣ ቢመለስም ለመኪና አይሆንም። ሌላ ግዛ።»

አውስትራሊያዊው፣ መምህሩ፣ ጋሼና እኔ አንድ ላይ ያላወቅነውን በአንድ ድንጋይ ጨረሱት። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዝም አሉ።

«ስባሪውን ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«እንጃ።»

«ስጠኝ። ማረሻ ይወጣዋል። አንዱ ያንተ፣ አንዱ የኔ።»

ሰጠኋቸው። መኪናዋ ተጎትታ ወደዚያው ጋራዥ ገባች። የቀድሞውን 12 ሺህ ሳስታውሳቸው፣ ቆርቆሮዬን መንቀያ ጨምረው 15 ሺህ አሉኝ። ማሽኑን እስካሁን የሚገዛኝ አላገኘሁም። ጎረቤታችን ልትገዛው ጠይቃኝ ነበር፤ ለመሥራት አይደለም፣ ለመቅበር።

ማረሻውን ለአጎቴ ሰጠሁት። በሰኔ ላየው ሄድኩ፣ ጋሼም አብረውኝ ነበሩ። አጎቴ በሬዎቹን ጠምዶ የድንጋያማውን ማሳ ጥግ ያርሳል። ማረሻው ድንጋይ መታና «ቋ!» አለ። እኔና ጋሼ ባለንበት ደርቀን ቆምን። አጎቴ ጅራፉን አጮኸ። በሬዎቹ ሳቡ፣ አፈሩ ተገለበጠ፣ ማረሻው ሄደ። ከላንድክሩዘሯ ዕቃ ሁሉ በዚያ ቀን ሲሄድ የዋለው እሱ ብቻ ነው። እሷ ማሳው ዳር ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። አልነሳም ብላለች።

ጋሼ ዞረው አዩዋት።

«ነግሬህ ነበር» አሉኝ። «ከፍሬን ነው።»