ዲከንሰን ቤት መምታት አቅቷት አይደለም

ወዳጄ፣ ስለ አሜሪካ ገጣሚዎች ያነሳኸውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላርም። «ኤሚሊ ዲከንሰን ምጣኔም ቤትም የላትም፣ እንደመጣላት ነው የጻፈችው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም። ስንኙን እንዳሻው የሚያስረዝመው ዋልት ዊትማን ነው። (እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይደለም፣ ግን ሌላ ወሬ ነው።)

ዲከንሰን አብዛኛውን የጻፈችው በፕሮቴስታንት መዝሙር ልክ ነው። ሞት በሠረገላ መጥቶ የሚወስዳትን ግጥም አውጣና የመጀመሪያዎቹን አራት ስንኞች በጣትህ ቁጠር። በእንግሊዝኛው 8 ቀለም (የድምፅ ክፍል)፣ 6 ቀለም፣ እንደገና 8፣ እንደገና 6።

ቤቱስ? ተስፋን በወፍ በመሰለችበት ግጥም መጀመሪያ ላይ «ሶል»ን (soul፣ ነፍስ) ከ«ኦል» (all) ጋር ታጣምራለች። ጆሮ ሙሉ ቤት ሲጠብቅ ግማሹን ሰጥታው ታልፋለች። እዚያው ግጥም መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሲ»ን (sea፣ ባሕር) ከ«ሚ» (me፣ እኔን) ጋር ጥርት አድርጋ ትመታለች። ታዲያ አልቻለችም ይባላል?

በስንኞቿ መሃል የምትጥላቸው ሰረዞችም (–) ግራ ያጋባሉ መሰለኝ። በ1886 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ፣ በ1890 ያሳተሙላት ሰዎች ብዙዎቹን ሰረዞች አስወግደው አንዳንድ ቃላትም ቀየሩባት። የግጥሞቿ አርታኢ ቶማስ ጆንሰን በ1955 እንደ እጅ ጽሑፏ አድርጎ መለሳቸው። ገጹ የተዝረከረከ ቢመስልም ጮክ ብለህ አንብበው፤ ሰረዙ ትንፋሽህን የት እንደሚይዘው ትሰማዋለህ።