ሶላሩ ሲታሰብ ወፍጮውና ባትሪው አይረሳ

ያነበብኩት አንድ ጽሁፍ ጎንደር አካባቢ ባለው ደንቢያ ገጠር ሶላር ከነባትሪው ተተክሎ ቀበሌው የራሱ መብራት ይኑረው ይላል፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ወሬው ሁሉ አምፖልና ሞባይል ቻርጅ ላይ ቀረ። እናቶቻችንን ከሸክም የሚገላግላቸው እኮ ወፍጮ ነው! የወፍጮ ሞተር ደግሞ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ነው የሚስበው፣ ኢንቨርተሩ (የሶላሩንና የባትሪውን ኃይል ለወፍጮና ለመብራት ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ለሱ ካልታሰበ አንድ ሰው ጤፍ ሊያስፈጭ ሲል የመንደሩ መብራት በሙሉ ድርግም ይላል፣ ስለዚህ ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ ሶፍት ስታርተር ይግባለት፣ ወፍጮውም የመስኖ ፓምፑም ፀሐይ ስትበረታ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ይስሩና ባትሪው ለማታ ይቆይ። የናፍጣ ፓምፕ ስንት እንደሚበላ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ያውቀዋል።

ባትሪ ላይ በርካሽ እንዳትታለሉ። ርካሹ ሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጁ በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ግን 80 ፐርሰንቱን እየተጠቀማችሁ እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ዙር እየተሞላ ይሰራል፣ መጀመሪያ ዋጋው ያስደነግጣል እንጂ። ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ስለሚከብድ የፓነሉና የባትሪው ልክ በጥር ፀሐይ እንዳይሰላ አደራ። በበጋ አቧራው ፓነሉ ላይ ይጋገራል፣ በጠዋት ፓነሉ ሳይግል በውሃና በለስላሳ ጨርቅ የሚያጥብ የቀበሌው ልጅ ተመድቦ ይከፈለው። ከወርሃዊ ክፍያው ላይም ለባትሪ መቀየሪያ የሚሆን ብር ከአሁኑ ይቀመጥ፣ ዕድሩ ገንዘብ መያዝ ይችልበታል፣ ለሱ ስጡት።