ርችት ለማንም አይሸጥ
ርችት ለውሾች ሲባል ለሕዝብ መሸጡ ይገደብ የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። የኔ ውሻ የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ አልጋ ስር ትገባለች። ጆሮዋን ለጥፋ፣ ጭራዋን ቆልፋ፣ ለሃጯ እየተዝረከረከ ትንቀጠቀጣለች። ሥጋ እንኳ ብሰጣት ዞር ብላ አታየውም። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) የሚደርስ ድምፅ ይሰማል፤ የውሻ ግን ወደ 45,000 ገደማ ይደርሳል። እኛን የሚያስደነግጠን ድምፅ እሷን ምን እንደሚያደርጋት አስቡት። ቀኑና ሰዓቱ ታውቆ በባለሙያ ቢተኮስ እኮ ቀድሜ መስኮት እዘጋለሁ፣ መጋረጃ እጋርዳለሁ፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ችግሩ ማንም ገዝቶ እኩለ ሌሊት ላይ ሲተኩሰው ነው። አንዴ እንዲህ በርግጋ በክፍት በር ወጣች። ያገኘናት ሲነጋ ነው፣ መዳፏ ቆስሎ፣ ስሟን ስንጠራት እንኳ እየሸሸችን።